ኮዬ ፈጬ ያለችው ኮፒ ቤት፦ 150 ገጽ ጦርነት በ550 ብር

ቸኩሎ ለሚያነብ ፍርዴን ከፊት ላድርግ። ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷን ያስቀነሰው ቶነር ነው። ወደ ቶነሩ እንመጣለን።

ቤቷ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ናት። ከቱሉ ዲምቱ በታክሲ መጥታችሁ ባጃጆቹ የተሰለፉበት ጋ ትወርዳላችሁ። እዚያ ሽንኩርትና ቲማቲም ማዳበሪያ ላይ ዘርግታ የምትሸጥ ሴት አለች። እሷን አልፋችሁ ሁለተኛው ብሎክ፣ ግራውንድ። ታፔላው ላይ «ኮፒ፣ ፕሪንት፣ ላሚኔሽን፣ ጉርድ ፎቶ» የሚለው ይነበባል። የቤቱ ስም የተጻፈበትን ጥግ ግን ፀሐይ በልቶታል። ሰፈሩ «ሻለቃ ጋ» ነው የሚለው። ሻለቃ የሚባሉት የኮፒ ቤቷ ባለቤት አባት ናቸው። ሻለቃ ሆነው ግን አያውቁም። «እኔ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ይኼን ማዕረግ የሰጠኝ ኮንዶሚኒየሙ ነው» ይላሉ።

ምን ላሳትም ሄድኩ? ሁለተኛ ደረጃ ታሪክ አስተምራለሁ። የታሪክ ክበባችን በየወሩ አንድ ጉዳይ ይዞ ይከራከራል። የዚህ ወር ርዕስ «መንግሥት ጦርነት ሲጀምር ለሕዝቡ ምን ብሎ ያስረዳል? ካለቀ በኋላስ ምን ሊያደርግ አስቧል?» የሚል ነው። ርዕሱን ያመጡት ተማሪዎቹ ናቸው። የትኛውን ጦርነት እያሰቡ እንደሆነ ገብቶኛል። ግን ቁስሉ ገና እርጥብ ነው። ወንድሙ ሄዶ ያልተመለሰ ልጅ ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል። ስለዚህ ራቅ ያለ ፈለግኩ። ኢራቅን መረጥኩ፤ እንደ ፈረንጆቹ በ2003 አሜሪካና እንግሊዝ ገብተው ሳዳም ሁሴንን የጣሉበትን ጦርነት። (ከዚህ በታች ያለው የዓመት ቁጥር፣ ካልነገርኳችሁ በስተቀር፣ ሁሉም የፈረንጅ ነው።) ያ መዝገብ ተከፍቷል። ምርመራው አልቋል። ልጆቹም ያኔ አልተወለዱም።

ሰነዱ የእንግሊዞቹ ነው። ሰር ጆን ቺልኮት የመሩት ምርመራ በ2009 ተጀምሮ ሪፖርቱ የወጣው በጁላይ 2016 ነው። 12 ጥራዝ፣ 2.6 ሚሊዮን ቃል። ሙሉው በወረቀት ሲሸጥ ዋጋው 767 ፓውንድ ነበር። ስለ ደሞዜ እዚህ አላወራም። ደግነቱ በኢንተርኔት በነጻ ይወርዳል። እኔ የፈለግኩት ማጠቃለያውን ብቻ ነው። እሱም 150 ገጽ ገደማ ይሆናል።

ማሽኑን የምትይዘው ልጅ ፍላሽ አትቀበልም። «ቲቸር በቴሌግራም ይላኩልኝ፤ ፍላሽ ቫይረስ ይዞብኝ ይመጣል» አለች። ላክሁላት። ፋይሉን ከፈተችው፣ ወደ ታች አየችው። ከዚያ ማሽኑን ሳትነካ ዞር ብላ፣

«ከዚያስ?» አለችኝ።

«ከምኑ?»

«ከታተመ በኋላ። ይጠረዛል? ወይስ በስቴፕለር? ወይስ ለያይተው ሊያድሉት ነው?»

ለካ የሚጠረዝ ከሆነ ዳሩ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ መተው አለበት። አለዚያ የስፓይራሉ ቀዳዳ ፊደሎቹን ይበላቸዋል። አምና መሃል ከተማ አንድ ቦታ ማንም ሳይጠይቀኝ ታተመልኝ። ከዚያ ይጠረዝ ስል ጠረዙት። አንድ ሙሉ ሞጁል እያንዳንዱ መስመሩ መጀመሪያ ላይ ሁለት ሁለት ፊደል ጎድሎት ዓመቱን ሙሉ አስተማርኩበት። ስለዚህ «ከዚያስ?» የምትለዋ ጥያቄ ብቻዋን አንድ ኮከብ ናት።

ዋጋውን ቁራጭ ወረቀት ላይ አስልታ አሳየችኝ። አንዱ ቅጠል በሁለት ፊት 6 ብር፣ 75 ቅጠል 450 ብር። ስፓይራልና ላስቲክ ሽፋን 100። ድምር 550። ስጨርስም የከፈልኩት 550 ነው፣ በቴሌብር። ይህን ማንሳቴ ዝም ብሎ አይደለም። በኤፕሪል 2003 የአሜሪካ የዕርዳታ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበሩት አንድሩ ናትሲዮስ ቴሌቪዥን ላይ ቀርበው፣ ኢራቅን መልሶ ለመገንባት የአሜሪካ ግብር ከፋይ የሚያወጣው 1.7 ቢሊዮን ዶላር ነው፣ ከዚያ በላይ የለም አሉ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ የአሜሪካ ምክር ቤት ለመልሶ ግንባታው ያጸደቀው ግን 18.4 ቢሊዮን ነው። ኮፒ ቤት ቢሆን ኖሮ ሰፈሩ ተሰብስቦ ይጮህ ነበር።

ወደ ሠላሳኛው ቅጠል ሲደርስ መብራት ሄደ። ኮዬ ነዋ። ጄኔሬተር የላቸውም። ይህን እንደ ጥፋት አልቆጠርኩትም፤ መብራት የሚሄደው ለሁላችንም ነው። ልጅቷ በርጩማ አቀረበችልኝ። ሻለቃ ደግሞ ከመጠረዣው ማሽን አጠገብ ተቀምጠው የታተመውን ያገላብጣሉ። እንግሊዝኛ ብዙም አይዘልቁም። ግን ስሞቹን ያውቋቸዋል።

«ይኼ የሳዳም ነገር ነው?»

«አዎ ጋሼ።»

«ያ ጄኔራል ብልቃጥ ይዞ ያሳየበት?»

እሱ ነው። ጡረታ የወጣው ጄኔራል፣ ያኔ የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረው ኮሊን ፓወል፣ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 2003፣ ጸጥታው ምክር ቤት ውስጥ፣ ኢራቅ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያ አላት ሲል። ሻለቃ ያኔ ቃሊቲ አንድ ሻይ ቤት ቆመው ነው ያዩት። «ፖለቲከኛ ቢያሳየኝ አላምንም ነበር» አሉኝ። «ጄኔራል ሲያሳየኝ ጊዜ አመንኩ። ወታደር ነዋ! ጦርነት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ያለ ነገር አይናገርም ብዬ።»

ሻለቃ ብቻቸውን አይደሉም። ፓወል የተመረጠው ለዚሁ ይመስለኛል፤ ሰው ስለሚያምነው። በኋላ ራሱ ያን ንግግር በስሜ ላይ የቀረ ጥቁር ነጥብ ነው ብሎታል። እንግሊዞቹም የራሳቸው ብልቃጥ ነበራቸው። በሴፕቴምበር 2002 ያወጡት ሰነድ፣ ኢራቅ ትእዛዝ በተሰጠ በ45 ደቂቃ ውስጥ የጅምላ ጨራሽ መሣሪያዎቿን ልታሰማራ ትችላለች ይላል። 45 ደቂቃ! ከኮዬ መገናኛ እንኳ በዚያ ጊዜ አይደረስም። ጋዜጣው ሁሉ ያቺን ቁጥር ይዞ ሮጠ። ቁጥር ሲጠራ ሰው የተቆጠረ ነገር ያለ ይመስለዋል።

የመንግሥታቱ ድርጅት የመሣሪያ ተቆጣጣሪዎች ደግሞ እዚያው ኢራቅ ውስጥ እየሠሩ ነበር። አለቃቸው ሃንስ ብሊክስ ማርች 7 ላይ፣ ሥራው ዓመታትም ሳምንታትም ሳይሆን ወራት ይፈልጋል አሉ። ወራቱ አልተሰጣቸውም። ማርች 20 ቦምቡ ወረደ። ሳዳም ከወደቀ በኋላ አሜሪካኖቹ ራሳቸው የላኩት የፍለጋ ቡድን አገሩን አሰሰ። በ2004 ያወጣው ሪፖርት የተከማቸ መሣሪያ አላገኘሁም የሚል ነው።

ቺልኮት ይህን ሁሉ ሲያጠቃልል ቋንቋው የእንግሊዝ ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም። ሰላማዊው አማራጭ አልተሟጠጠም ነበር ይላል። ጦርነቱ በዚያን ሰዓት የመጨረሻው መንገድ አልነበረም ይላል። አደጋው ለሕዝብ የቀረበው መረጃው በማይፈቅደው እርግጠኝነት ነበር ይላል። ከሁሉ እኔን ያስደነገጠችኝ ግን አንዲት ማስታወሻ ናት። የእንግሊዙ ጠቅላይ ሚኒስትር ቶኒ ብሌየር ለአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቡሽ በጁላይ 28 ቀን 2002 የጻፉት ደብዳቤ ሲጀምር «ምንም ይምጣ ምን ካንተ ጋር ነኝ» ይላል። ጦርነቱ ሊጀመር ስምንት ወር ሲቀረው! ለሻለቃ ተርጉሜ ሳነብላቸው የያዙትን ወረቀት አስቀመጡት።

«በቃ ጨርሷል እኮ። ከዚያ በኋላ ያለው ምክንያት መፈለግ ነው።»

በነገራችን ላይ እኛም በታሪኩ ውስጥ አለን። በማርች 2003 ዋይት ሐውስ ጦርነቱን ይደግፋሉ ብሎ ያወጣው «የፈቃደኞች ጥምረት» ዝርዝር ላይ ኢትዮጵያ አለች። ኤርትራም አለች። የሁለቱን አገሮች ጦርነት የቋጨው የአልጀርሱ ስምምነት ከተፈረመ ገና ሁለት ዓመት ከምናምን ነው። ሁለቱም ወታደር አልላኩም። እኔ ያኔ ዩኒቨርሲቲ ነበርኩ። ካፌ ውስጥ ሰምተን «ድንበሩ ላይ ያልተስማማ ባግዳድ ላይ ተስማማ» ተባብለን የሳቅነውን አልረሳም።

መብራቱ ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ መጣ። ልጅቷ ከቆመበት ቀጠለች። ገጽ አልዘለለችም፣ አልደገመችም። ሻለቃ ቀዳዳውን እየበሱ ስፓይራሉን አስገቡ። እጃቸው ፈጣን ነው፤ ጫፉን በፒንሳ ቆልምመው ነው የሚሰጧችሁ፣ ሹራብ እንዳይዝ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እንደ ሞኝ አላገላበጥኩትም።

ማታ ቤት ስከፍተው የቶነሩ ጉድ ወጣ። ግማሹን አልፌ ጥቂት እንደሄድኩ ጽሑፉ መሳሳት ጀመረ። ከዚያ ግራጫ ሆነ። ከዚያ ነጭ ሊሆን ምንም አልቀረው። የደበዘዘው ክፍል የትኛው ቢሆን ጥሩ ነው? ከሳዳም በኋላ ለሚመጣው ጊዜ የተደረገውን ዝግጅት የሚያወራው። ብቻዬን ሳቅሁ። ባለቤቴ «ምን ሆነሃል?» አለችኝ። አስረዳኋት። አልሳቀችም። «550 ብር ከፍለህ?» ብቻ አለች።

የስልኬን መብራት ጎን ለጎን እያበራሁ አነበብኩት። ዓይኔ እስኪቆጣ ድረስ። ያገኘሁት ነገር ግን ለክበባችን ከብልቃጡ የበለጠ ይጠቅማል።

አሜሪካኖቹ ከጦርነቱ በኋላ ያለውን የሚያስተዳድር መሥሪያ ቤት ያቋቋሙት ጃንዋሪ 20 ቀን 2003 ነው። ወረራው ሁለት ወር ሲቀረው። እኛ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የምንለው ነው። መሪው ጄይ ጋርነር ባግዳድ የገቡት ኤፕሪል 21፣ ከተማዋ ከወደቀች ከ12 ቀን በኋላ ነው። በዚያ መሃል ከተማዋ ስትዘረፍ ሰነበተች። ከብሔራዊ ሙዚየሙ ብቻ 15 ሺህ ገደማ ዕቃ ወጣ። የነዳጅ ሚኒስቴሩ ግን ታንክ ቆሞለት ነበር። እንግዲህ ጠባቂ ጠፍቶ አይደለም። ጋርነር ሦስት ሳምንት ሲሞላቸው ሌላ ሰው መጣባቸው፤ ፖል ብሬመር።

ታዲያ ማንም አላሰበበትም ማለት ነው? ይህ ነው የሚያናድደው። ታስቦበታል። የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ የኢራቅን ተወላጆች ሰብስቦ አጥንቶ 13 ጥራዝ አዘጋጅቶ ነበር። ጦርነቱን የሚመራው ሌላ መሥሪያ ቤት ሆነና ጥራዙ መደርደሪያ ላይ ቀረ። የምድር ጦሩ ኤታማዦር ሹም ጄኔራል ሺንሴኪ፣ ጦርነቱ ሊጀመር ወር ሳይሞላ ሲቀረው፣ አገሩን ለማረጋጋት ብዙ መቶ ሺህ ወታደር ያስፈልጋል ብለው ለምክር ቤቱ ተናገሩ። ከሁለት ቀን በኋላ ምክትል የመከላከያ ሚኒስትሩ ፖል ዎልፎዊትዝ ግምቱ ከእውነት እጅግ የራቀ ነው ብለው አጣጣሉት። እንግሊዝ ውስጥም ቺልኮት ያገኘው ተመሳሳይ ነው። ብሌየር ዝግጅቱን በኃላፊነት የሚከታተል ሚኒስትር በግልጽ አላስቀመጡም። ዝግጅቱ ፈጽሞ በቂ አልነበረም። እርስ በርስ መጋጨት፣ የኢራን እጅ መግባት፣ የአልቃይዳ መንቀሳቀስ፣ ሁሉም ከወረራው በፊት ተጽፈው ነበር። ቺልኮት ይህን ለማወቅ ነገሩ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም ነበር ይላል። ከዚያ ቁጥሮቹ ይመጣሉ። 179 የእንግሊዝ ወታደሮች። እስከ ጁላይ 2009 ቢያንስ 150 ሺህ ኢራቃውያን፣ ምናልባትም ከዚያ በብዙ የሚበልጡ፣ አብዛኞቹ ሲቪሎች።

በማግስቱ ጠዋት ጥራዙን ይዤ ሄድኩ። ለጭቅጭቅ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ንግግሬን ባጃጅ ላይ ተለማምጃለሁ። ልጅቷ ገና ገልጣ እንዳየችው «ውይ ቲቸር፣ ይቅርታ» አለች። ቶነሩ ሊያልቅ እንደሆነ ታውቅ ነበር። መርካቶ ወርዳ ማምጣት ሲገባት ነገ ነገ እያለች ነው። የእኔን መጠረዣ አስቀድማ ያሰበች ልጅ የራሷን ቶነር አላሰበችም። አዲሱ ግን ያን ለት ማታ ገብቷል። የደበዘዙትን 24 ገጾች እንደገና አተመች። ሻለቃ ስፓይራሉን ፈተው፣ አስገብተው፣ መልሰው ጠረዙ። ተጨማሪ አንድ ሳንቲም አልጠየቁኝም። ኮከቧን ግን አልመለስኩም። ከኮዬ ማዶ ቢሆን የምኖረው የደርሶ መልስ ታክሲውን ማን ይከፍለኝ ነበር?

ሻለቃ እየጠረዙ «ትናንት ያላነበብክልኝ የቱ ነው?» አሉ። ስለ ሠራዊቱ ነገርኳቸው። ቀድሞ የታሰበው የኢራቅን ጦር አብዛኛውን ይዞ ለመልሶ ግንባታ ማሰማራት ነበር። ብሬመር መጡና ሜይ 16 ቀን የሳዳም ፓርቲ የነበረውን የባዝን ሹማምንት ከመንግሥት ሥራ አስወጡ። ብዙ መምህራንም አብረው ሄዱ። (እዚህ ጋ እኔም ቆም ብያለሁ።) በሳምንቱ፣ ሜይ 23፣ ሠራዊቱን በአንድ ወረቀት በተኑት።

«በእኛ ስንት ነው?»

«ግንቦት 15፣ 1995።»

«ግንቦት!» አሉ። ፒንሳውን አስቀመጡ። «ግንቦት ምን አድርገነው ነው?»

እሳቸውን በእኛው ግንቦት 1983 ያገኛቸው አምቦ አካባቢ ነው። አዛዡ ሲጠፋ ጦሩ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ያዘ፤ በእግር። አብሯቸው የነበረ ልጅ ክላሹን በሦስት እንጀራ ሲለውጥ በዓይናቸው አይተዋል። «በሦስት እንጀራ! ወጥ የለው!» ከዚያ ጦላይ ካምፕ ገቡ። ወራት ቆይተው ወጡ፤ ለጥቂት ጊዜ ስንዴ ተሰፈረላቸው። «ኢሠፓ ነበርክ ወይ?» እየተባለ ሥራ የተከለከሉባቸውን ቦታዎች በጣታቸው ቆጠሩልኝ። አንድ እጅ አልበቃም። የደርግ ጦር ሲበተን ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰው ነው ወደ ቤቱ የሄደው። ቤት ያለው።

«ለኢራቆቹ ስንዴ ተሰፍሮላቸዋል?» አሉኝ።

ሰልፍ ከወጡና ደም ከፈሰሰ በኋላ፣ ከወር በኋላ፣ ደሞዝ ቢጤ እንደተፈቀደላቸው ነገርኳቸው።

«መሣሪያውስ?»

«ብዙዎቹ ይዘውት ነው የሄዱት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እንግዲህ እኛስ ክላሹን በእንጀራ ለወጥነው» ብለው ፒንሳቸውን አነሱ።

ልትሄዱ ለምትፈልጉ፦ ጠዋት 2፡30 ላይ ይከፍታሉ፤ እሑድ ከቤተክርስቲያን መልስ ነው። ከሰዓት ብዙ ጊዜ መብራት ይሄዳል፣ ስለዚህ ጠዋት ሂዱ። ጉርድ ፎቶ አትነሡ፤ ከኋላ የተሰቀለው ሰማያዊ መጋረጃ ተጨማድዷል፣ ፊታችሁም አብሮ የተጨማደደ ይመስላል። ላሚኔሽኑ ጥሩ ነው። ፋይል በቴሌግራም ላኩ። ከመውጣታችሁ በፊት ደግሞ እስከ መጨረሻው ገጽ አገላብጡ፣ በተለይ መጨረሻውን።

ሻለቃ ጋ አንድ ዕዳ አለብኝ። ስለ ሠራዊቱ መበተን የሚያወራውን ክፍል በአማርኛ ጽፌ እንድሰጣቸው ቃል አስገብተውኛል። ኅትመቱም ጥረዛውም በነጻ ነው ተብያለሁ። እስካሁን ሁለት ገጽ ነው የሄድኩት። ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቹ የሚያነቡትን ኮፒ ለማስደረግ ስገባ፣ ከጠረጴዛው ሥር አውጥተው አንድ ጥራዝ ሰጡኝ። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። ውስጡ ሃያ ባዶ ቅጠል፣ ዳሩ በልኩ ተትቶ ተበስቷል።